ቁልፍ ቁጥር ሰባት

ሥራሽ ምንድን ነው ላላችሁኝ፣ ጉዳይ ተከታታይ ነኝ፤
ጉዳይ እና ጉዳት ግን፣ በአንዲት ፊደል የሚምታታብኝ።
ጉደይቢያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
ስም ያልተጻፈበት በር አለ፣ ማንም መጥቶ እንዳያይ።

ሐሙስ ሌሊት አመጧት። ሐምሌ ነው። የማናማ ወበቅ
እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊት ላይ ተጠምጥሞ የሚያንቅ።
እግሯ ላይ ሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ፣ ግራው የወንድ፣ ቀኙ የልጅ፤
እጇ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ፣ ስልኩ የለም፣ ቻርጀሩ እንጅ።

ፓስፖርቷ «ሙና» ይላታል፣ ዕድሜዋን ሃያ ስድስት፤
ደላላው ነው የወለዳት፣ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ፎቶ ቤት።

ስሟን ጠየቅኳት፤ ዝም። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች፤
ብርጭቆውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው መልሳ መጣች።
ከዚያ፣ «የቱን?» አለችኝ፣ «የቱን ስሜን ልስጥሽ?»
ብዕሬን ዘጋሁት። «እናትሽ ስትቆጣ፣ በየቱ ነበር የምትጠራሽ?»

«ትርንጎ።»
ፈገግታ አልነበረም። ከንፈሯ ብቻ ተላቀቀ።
አገሯ መርሳ ነው፤
መርሳት ግን አልሆነላትም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ
የተወለወለ ወለል ትወለውላለች።
«ፍሪጁን ልክፈት?» ትላለች።
«መብራቱን ላጥፋ?» ትላለች።
«እሺ» አልላትም። እሺታ ፈቃድ ነው፣ ፈቃድ የጌታ ነው።
«ያንቺ ነው» እላለሁ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ እስኪሰለቻት፣
አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ እርጎ በልታ እስከማገኛት።

መርማሪው አምስተኛ ጊዜ፣ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት።
ጠረጴዛው ላይ አራቱ ቃሏ፣ ፊርማም ማኅተምም አለበት።
በስብርባሪ ዐረብኛዬ፣ «ገጹን ግለጥ እንጂ» አልኩት፣
«ቁስሏን አትግለጥ።»
ሳቀ። ግን ገለጠ። ገጹን።

የሃያ ሁለት ወር ደሞዝ። ከፊሉ፣ «በልታዋለች» ይላል፤
እኔ ካልኩሌተር አወጣለሁ፣ እሱ በፈጣሪ ይምላል።
በአሥራ አንደኛው ቀጠሮ የዘጠኝ ወሩን ከፈለ፤
«ድል ነው» አለችኝ አለቃዬ። አሥራ ሦስቱ ወር የት አለ?

ስለ ጀርባዋ አትጠይቁኝ። እሱ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ፋይሉ ካዝና ውስጥ።
ለሐኪም ነው ያሳየችው፣ ለግጥም አልሰጠችኝም።
ትርንጎም ብትሆን የእኔ ናት።
ደላላው አንድ ስም አወጣላት፣
እኔ ደግሞ፣ ልደብቃት ብዬ፣ ሌላ።
እውነተኛውን እናቷ ታውቀዋለች። መርሳም ላይሆን ይችላል።
ይቅር ትበለኝ።

ቁልፉን ልንገራችሁ።
በመጣች ሌሊት የሰጠኋት፣ ቁጥር ሰባት፣ ትንሽ ነሐስ፣
ከውስጥ የሚቆልፍ።
«እኔ ነኝ የምቆልፈው?» አለች።
ገባች። ቀጭ። ከፈተች። ቀጭ። ቆለፈች።
ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ፣
ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት፤ የእኔ ጉዳይ አልነበረም።

በጥቅምት፣ ሙሐረቅ፣ አየር ማረፊያው በር ላይ ተለያየን።
አዲስ ጫማ ገዝታለች፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት።
አላለቀሰችም። እኔም መኪና ውስጥ እስክገባ።
ማታ ዕቃ ስናስረክብ፣ «ቁልፍ ሰባትስ?» አለች አለቃዬ።
«ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ዲናር ተኩል ከፈልኩ፤
ሻንጣዋን የሸከፍኩት እኔ ነኝ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ፋይሉ ላይ ቀይ ማኅተም አረፈ፦ «ጉዳዩ ተዘግቷል።»
ከውጭ ይሁን ከውስጥ ግን
ማኅተሙ አይልም።